ሙጬና ፒስተን የለሹ ሞተር

ሙጬ ሠላሳ ስምንት ሜትር አቡጀዲ ቁረጥልኝ ያለኝ ቀን ሰው የሞተበት መስሎኝ ደነገጥሁ። ጅጋ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስሰፋ ያን ያህል አቡጀዲ በአንድ ጊዜ የወሰደ ሰው አላየሁም። ለከፈን ከሆነ ለግማሽ ሰፈር ይበቃል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ጥርሱን በሙሉ እያሳየ ለክንፍ ነው አለኝ። ከኮቱ ኪስ የተጣጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣና የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረጋው። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሣለች አውሮፕላን ነበረች።

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ሚስቴም ደንበኞቼም ያውቁታል። የዚያን ቀን ግን ከቁጣዬ በፊት ሳቄ አመለጠኝ። ሙጬ አልተቀየመም። ስቄ እስክጨርስ ጠበቀኝና ስፌቱ ድርብ እንዲሆን አደራ አለኝ።

ሙጬን ለማያውቀው ልንገረው። የተወለደው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ እቤት ውስጥ አዊኛ ከሚነገርበት የገበሬ ቤተሰብ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ፍኖተ ሰላም መጥቶ አንድ ጋራዥ ተጠጋ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው የናፍጣ ወፍጮ መጠገን ነው። ከቡሬ እስከ ሊበን፣ ከጅጋ እስከ ግሽ ዓባይ ወፍጮ ከቆመ የሚጠራው እሱ ነው። የመፍቻውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ሕመሙ የት እንዳለ አንዲት ብሎን ሳይፈታ ይነግርሃል። ከሚስቱ ከወይኒቱ ጋር የራሳቸው ወፍጮም አላቸው። እሱ የሰው ወፍጮ ሲጠግን ስለሚውል የቤቱን ወፍጮ ይዛ የምትውለው እሷ ናት። ወፍጮ ቤታቸው ከእኔ በረንዳ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ስለዚህ እኔ የሰፋሁት ልብስ ሁሉ የእነሱን ዱቄት ሳይቀምስ ለባለቤቱ ደርሶ አያውቅም።

የአውሮፕላኑ ነገር የጀመረው በአንዲት ቀይ የጃፓን መኪና ነው። ባለቤቷ የባሕር ዳር ሰው ነበር፤ ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ቦይ ውስጥ ከተታት። እሱ ደህና ወጣ፤ እሷ ግን ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሁለት ክረምት ዘነበባት። ሞተሯን የከፈተ መካኒክ ሁሉ መልሶ ይዘጋዋል፤ ለምን ቢባል ውስጡ ፒስተን የለም። ሙጬ ሰምቶ ሄደ፣ ከፈተው፣ በማግስቱም ሞተሩን በጋሪ አስጭኖ ጅጋ ገባ። እኔን በረንዳዬ ላይ መርፌ ይዤ እያለሁ ጎትቶ ወስዶ አሳየኝ። ሞላላ የብረት ቤት አለ፤ በቤቱ ውስጥ ሳምቡሳ የመሰለ ባለሦስት ማዕዘን ብረት እየተንከባለለ ይዞራል። ነዳጁን የሚውጠውም፣ የሚጨምቀውም፣ የሚያቃጥለውም፣ ጭሱን የሚተፋውም ያው ሲዞር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ነገር የለውም።

"ወፍጮ ነው እኮ፣ አብዱ" አለኝ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሲዘሉ የሚውሉ ሞተሮች ስጠግን ኖርሁ። ይሄ የውልህ ራሱ ወፍጮ ነው።"

ከዚያ በኋላ ለመጣው ጣጣ ተጠያቂዋ የእኔው ልጅ ናት። ራጂያ ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምራለች። ቅዳሜ ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ሞተር ከመኪና እያወጡ ግቢያቸው ውስጥ በሠሩት አውሮፕላን ላይ ሲገጥሙ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልኳ ከፈተችለት። ሙጬ አንድ ጊዜ አየው፣ ሁለተኛ አየው፣ ስልኳ ባትሪ እስኪጨርስ አየው። በሳምንቱ ነው አቡጀዲ ብሎ የመጣብኝ።

እብደቱን ተው ብዬ ልመክረው ሞክሬ ነበር። ሃምሳ ስምንት ዓመትህ ነው፣ ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ ይንቋቋል አልሁት። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦

"ለዚህ እኮ ነው። አንዴ፣ እኔ ተቀምጨበት፣ ጎማው ከመሬት ይነሳ። አንድ ክንድም ቢሆን። ሌላ አልፈልግም።"

ይህን ሲል ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አንጀቴን በላኝና አቡጀዲውን ቆረጥሁ።

ወይኒቱ ግን እንደ እኔ በእንባ የምትረታ ሴት አይደለችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችውና አንድ ነገር ብቻ አስማለችው። ከወፍጮዋ አንዲት ብሎን እንዳይፈታ፤ ያ ማራገቢያ የሚለውንም ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ አስነስቶ ዱቄቷን እንዳይበትንባት። ሙጬ በሚካኤል ስም ማለላት። እሷም ማለ ብላ ተወችው።

ሦስት ዓመት ፈጀ። አካሉን ከቱቦላሬ በየደው። የክንፉን አጥንት ከጽድ ሰነጠቀ። ጎማዎቹን ከተሰባበሩ ባጃጆች አወጣ፤ ወንበሩ ከጠጅ ቤት የተገዛ የፕላስቲክ ወንበር ነው። እኔ ክንፉን አለበስሁ፤ ድርብ ስፌት፣ በየጣት ርቀቱ ቋጠሮ። ስፌቱ አየር ላይ ከተፈታ ገዳዩ እኔ መሆኔን እያሰብሁ ስንት ቀን ምሳዬ አልወርድ እንዳለኝ አላህ ያውቃል። ጨርቁ ላይ ቫርኒሽ ቀብተን ፀሐይ ላይ ባሰጣነው ቀን ደግሞ የወይኒቱ ዶሮዎች ወጥተው ተራመዱበት። የተጣበቀውን ላባ ግማሹን አስለቀቅን፤ ግራ ክንፏ ላይ ግን እስከ መጨረሻው እውነተኛ ላባ ነበረባት።

የሞተሩ ነገር ከሁሉም የባሰ ነበር። በደቂቃ ስድስት ሺህ ጊዜ ይዞራል፤ ፕሮፔለር በዚያ ፍጥነት ቢዞር ይበጣጠሳል። ስለዚህ ሙጬ ከአሮጌ የጭነት መኪና ካምቢዮ ትልቅና ትንሽ ጥርስ፣ ማርሽ የሚሉትን፣ አውጥቶ አጣመራቸውና ፍጥነቱን ከግማሽ በታች አወረደው። ከዚያ ዋንዛ ጠርቦ ፕሮፔለሩን ቀረጸ። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩ ወዴት እንደሚዞር እያየ፣ እየለካ፣ በብርጭቆ ስባሪ እየፋቀ ነው የቀረጸው። እንደዚያ የተወለወለ እንጨት ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አይገኝም ሲሉ ሰምቻለሁ።

መነሻ ሜዳ ግን ጠፋ። በእኛ አገር ሜዳ ካለ ወይ ታርሷል ወይ ከብት አለበት፤ ከብት ያለበት ሜዳ ደግሞ ሰኮና ቆፍሮታል። አንድ ቦታ ብቻ አለ፣ ወይራ ሜዳ። ወይራ ሜዳ ክልክል ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ከብት አይገባበትም፣ ሣሩ ይጠበቃል፣ ኅዳር ሲገባ አገሩ በአንድነት ያጭደዋል። ታጭዶ ሣሩ ዳር ላይ ከተከመረ በኋላ፣ የገና ጾም በሚገባበት ጠዋት፣ ከብቱ ሁሉ ይለቀቅበታል። ከአጨዳው ፍጻሜ እስከ ከብቱ መግቢያ ድረስ ሜዳው ባዶውን፣ ተላጭቶ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ዓመት አጨዳው ያለቀው በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። የበዓሉ ቀን ሲቀነስለት ለሙጬ ሁለት ቀንና አንድ ማለዳ ቀረው።

የሜዳው ዳኛ አባ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ሙጬ ሄዶ ለመናቸው። እሳቸውም ወፍጯቸውን ስንቴ እንደጠገነላቸው አስታውሰው ፈቀዱለት፤ ከብቱ ግን ለማንም ሲባል አንድ ቀን እንደማይዘገይ ነገሩት። ወረዳው ደግሞ ከብዙ ምልልስ በኋላ ደብዳቤ ሰጠው፤ ከአንድ ሰው ቁመት በላይ እንዳይነሣ የሚል። ይህን የሚቆጣጠር ወንዳወቅ የሚባል ፖሊስ ተመደበ። ወንዳወቅ አጭር ስለሆነ የጅጋ ሰው መለኪያው ሌላ ሰው ይሁን ብሎ ብዙ ተሳለቀበት።

በሚካኤል ማግስት አውሮፕላኗን በሁለት በሬና በሃያ ሰው ጎትተን ሜዳ አወጣናት። የጅጋ ሰው በሙሉ መጣ። ሁሉም ፊቷን ስለፈራ ከኋላዋ ተኮለኮለ። እኔ ሞተሩ እስኪሞቅ ጭራዋን እንድይዝ ታዘዝሁ። ሳትታሰብ ወደ ፊት እንዳትፈተለክ ብለን ከጎማዎቿ ፊት ትልልቅ ድንጋይ አደረግን። ከኋላ ድንጋይ ማድረግን ማን ያስባል?

ሙጬ ሞተሩን አስነሣ። ጥሩ ተነሣ። ቤንዚኑን ሲሰጠው አውሮፕላኗ ነቅነቅ አለችና ወደ ኋላ መጣች።

ወላሂ፣ ወደ ኋላ! በመጀመሪያ ጭራዋ ደረቴን መታኝ። ከዚያ እኔን ገፍታ፣ ሕዝቡን በትና፣ የሣር ክምር ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። እኔ ክምሩ ውስጥ ሆኜ ሰማይ ሰማይ አያለሁ፤ ሙጬ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ ፕሮፔለሩ ደግሞ በዓል እንደሚያከብር ሰው ደስ ብሎት ይዞራል። ሰው እስኪሞት ሳቀ። ወንዳወቅ እንኳ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ይንፈቀፈቃል። ቁጣዬን ይዤ ከሣሩ ስወጣ የሙጬን ፊት አየሁ። ሽማግሌ ሆኖ ነበር።

ስሕተቱን ያገኘችው ራጂያ ናት። እጆቿን እንደ ጥርስ አጣምራ አሳየችን። ሁለት ጥርሶች ሲናከሱ አንዱ ወደ ቀኝ ከዞረ ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። ሙጬ ሥራውን የለመደው በወፍጮ ነው፤ ወፍጮ ደግሞ በቺንጊያ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ነው የሚሠራው፤ ቺንጊያ ሞተሩ ወደዞረበት ያዞራል። አርባ ዓመት ቺንጊያ የለመደ እጅ ፕሮፔለሩንም ሞተሩን እያየ ቀረጸው። ይህን፣ ወይኒቱም እየሰማች፣ ስትነግረው ግንባሩን መታ። ፕሮፔለሩን አገላብጦ መግጠም አይረዳም፤ ቀረጻው ያው ነው። አዲስ ልቅረጽ ቢል ዐሥራ ሁለት ቀን፤ ቀኑ ግን አንድ ከግማሽ ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ ከብቱ ይገባል፤ ሜዳው እስከ ከርሞ ኅዳር የለም። ከርሞ ደግሞ ወይራ ሜዳን ለወጣቶች ሊያከፋፍሉት ነው እየተባለ ይወራል።

መድኃኒቱ አጠገባችን ነበር። የወፍጮው ቺንጊያ የሚዞርባቸው ሁለት ፑሌጋዎችና አራቱ ቺንጊያዎች በጥርሶቹ ቦታ ቢገቡ ፕሮፔለሩ በትክክል ይዞራል። እኔ አውቄዋለሁ፣ ራጂያ አውቃዋለች፣ እሱ ከሁላችን በፊት አውቆታል። ግን ምሏል። በማግስቱ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የሚያዳምጠው የወፍጮውን ድምፅ ነው። ለወይኒቱ እንድነግርለት ብጠይቀው በፍጹም አለኝ፤ ለእሷ የገባውን ቃል በሦስተኛ ሰው አፍ እንደማያስፈርስ ነገረኝ። አጠገቡ ተቀመጥሁ። የእኔም ልብ አዝኖ ነበር፤ መቼስ ሦስት ዓመት የሰፋሁት የማንም ክንፍ አይደለም።

የጾም ዋዜማ ስለሆነ ወፍጮ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ስልቻና ጆንያ በሩን አልፎ እስከ እኔ በረንዳ ተሰልፏል። ድንገት የወፍጮው ድምፅ እየወረደ ሄደና ጸጥ አለ። ሙጬ ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ብድግ አለ። ወይኒቱ ቅንድቧ ድረስ በዱቄት ነጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

"ቺንጊያውን ፍታው" አለችው።

"ምያለሁ እኮ።"

"ያስማልሁህ እኔ ነኝ። ፈትቸሃለሁ። ያን ፊትህን ይዘህ ስትዞር እስከ ከርሞ ላይህ ነው?"

ሙጬ ወደ ሰልፉ አየ። የአገሩ ሰው የወፍጮ ወረፋ እንዴት እንደሚያከብር ያውቃል፤ ለወረፋ ጠብ ተነሥቶ ሽምግልና የተቀመጠበት ቀን አለ። መጀመሪያ ተራ ላይ የነበሩት ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ሁለት ሰዓት በእግራቸው የመጡ እናት ናቸው። ሁሉም እሳቸውን አየ።

"የእኔ ጤፍ ነገም ጤፍ ነው" አሉ፣ ጆንያቸው ላይ እየተቀመጡ። "ብቻ አንተ ልጅ፣ ዛሬስ ወደ ፊት ሂድ።"

ሳቅ ወፍጮ ቤቱን ሞላው። ሙጬም ሳቀ። ከዚያ መፍቻውን አንሥቶ ገባ።

የዚያን ቀን አሠራሩን ማየት ነበር። ተራቸውን የለቀቁት ሴቶች ራሳቸው ፑሌጋውን ተሸክመው ሜዳ አወረዱለት። ካምቢዮው ወጣ፣ ፑሌጋዎቹ ገቡ፣ ቺንጊያዎቹ ተወጠሩ። የወፍጮ ፑሌጋ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ያልተነቀለ ነገር የለም። የጎማው መከለያ ወጣ፣ የወንበሩ መደገፊያ ተቆረጠ፣ ቤንዚኑ ተቀድቶ ጎደለ፣ በመጨረሻም ሙጬ ጫማውን አወለቀ። ሥራው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አለቀ። ነፋሱ ግን በርትቶ ነበርና ለማለዳ ተባለ።

ማለዳ ሜዳው ጤዛ ለብሶ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ወንዳወቅ ማንም ሰው መሐሉን እንዳይረግጥ ከንጋት ጀምሮ ዳር ዳሩን ይዞር ነበር። በላይ በኩል የአገሩ ከብት ከነባለቤቱ ተሰልፎ ይጠብቃል። አባ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን አጋድመው ከከብቱ ፊት ቆመዋል፤ ፀሐይ ሜዳውን ስትነካ እንደሚለቁት አስቀድመው ነግረውናል። ወይኒቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከእኔ አጠገብ ነበረች።

ሞተሩ ተነሣ። ይኼኛው ድምፅ ሌላ ነው፤ ቺንጊያው ሲያፏጭ የወፍጮ ቤት ድምፅ መሰለ። አውሮፕላኗ ወደ ፊት ሄደች። በመጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እየፈጠነች፣ እየነጠረች። እኔ ሜዳው ዳር በሆዴ ተኛሁ፤ ጎማዎቹን በትክክል ማየት ፈልጌ ነው። ነጠረች፣ ነጠረች፣ ከዚያ መንጠሯን ተወች። በጎማዎቿና በሣሩ መካከል የማዶውን ኮረብታ አየሁ። አየር ላይ የቆመች መሰለች፤ ከወንዳወቅ ደረት ዝቅ ብላ፣ እንዲያው ቀጥ ብላ። ስፌቴ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ከዚያ ወርዳ መሬቱን ነካች፣ እየተንገጫገጨች ሄዳ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆመች።

እልልታው አገሩን አናወጠው። እኔ በዳር በኩል ስሮጥ ነጠላ ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። ስደርስ ግን ሙጬ ከወንበሩ አልተነሣም። ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

"እምቢ አለች፣ አብዱ" አለኝ። "ሙቀቱ መቶ ሊገባ ሲል ቤንዚኑን ቀነስሁት።"

ምን ነካው ብዬ ቆምሁ። ከዚያ ገባኝ። ሰውየው ከመነሻው እስከ መድረሻው የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ሲያይ፣ የቺንጊያውን ድምፅ ሲያዳምጥ ነበር። አርባ ዓመት እንዲህ ነው ሞተር የሚያስነሣው። ቀና ብሎ አላየም። በረርህ አልሁት፤ ልታጽናናኝ ነው አለኝ። በአላህ ስም ማልሁ፤ ወዳጅህን ስለምትወደው ነው አለኝ። የሕዝቡን እልልታ እንኳ የትናንት በስቲያው ሳቅ መስሎት ኮፍያውን እስከ ዐይኑ ጎተተ። እኔም ተናደድሁ፤ ኮሌታውን ይዤ ልጎትተው ምንም አልቀረኝ።

ወይኒቱ እየተጣደፈች ደረሰች። እጁን ይዛ ከወንበሩ አወረደችው። በባዶ እግሩ፣ ጤዛው ላይ፣ በመጣበት መንገድ መለሰችው። እኛም ከኋላ ተከተልን። የሦስቱ ጎማዎች ፈለግ ነጩ ጤዛ ላይ ሦስት ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ሁለቱ ፈለጉን ይዘው ሄዱ፣ ሄዱ፤ አንድ ቦታ ላይ ሦስቱም መስመሮች አለቁ። ከዚያ ወዲያ ጤዛው ነጭ ነው፤ የነካው የለም። ርቆ፣ ከዘጠና እርምጃ በላይ ርቆ፣ መስመሮቹ እንደገና ይታያሉ።

ወይኒቱ እጁን ሳትለቅ በጣቷ አሳየችው።

"ከዚህ እስከዚያ ድረስ የት ነበርህ?" አለችው።

ሙጬ አየ። መስመሩ ያለቀበትን አየ፣ ማዶ የቀጠለበትን አየ፣ መሐሉን አየ። ጎንበስ ብሎ ያልተረገጠውን ሣር በመዳፉ ሊነካ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ፤ እያለቀሰ ሳቀ፤ ወይኒቱም አብራው። እኔ ምን አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ ዐይኔ ግን አልሰማኝም።

ፀሐይ ሜዳውን ከነካች ቆይታለች። ከብቱ ያገሳል፣ ባለቤቶቹ ያጉረመርማሉ። አባ ወልደ ገብርኤል ግን መቋሚያቸውን አላነሡም። ሙጬ ያችን ነጭ መሬት ሳይረግጥ ዙሪያዋን እየዞረ ሲያያት ቆየ፤ ከብቱም የገባው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው።